የጣፋጭና የጨዋማ ትሪ በቤት፦ ቋንጣ ወይስ ሳላሚ? አይብ ወይስ ቺዝ?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስምንት እንግዳ ይመጣል እንበል። ምሳ አልፏል፤ እራት ገና ነው። ወጥ የሚሠራበት ሰዓት አይደለም፤ ቡናና ፈንዲሻ ብቻ ማቅረብም ትንሽ ያንሳል። ለእንዲህ ያለው ሰዓት ሻርኩትሪ ቦርድ የሚባለው ነገር በጣም ይመቻል። ሥጋው፣ ቺዙ፣ ፍራፍሬው፣ ማሩ፣ ኦቾሎኒው፣ ዳቦው ሁሉም አንድ ሰፊ ጣውላ ላይ ተደርድሮ መሀል ይቀመጣል፤ ሰው እያወራ ከዚህም ከዚያም ያነሳል። ጋዙ ላይ የተጣደ ነገር ስለሌለ አስተናጋጁም ከእንግዳው ጋር ቁጭ ይላል።

ችግሩ ሱፐርማርኬት ስትገቡ ይጀምራል። ኢንተርኔት ላይ ያያችሁትን ፎቶ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ግማሹ ዕቃ የለም፤ ያለው ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። እኔም መጀመሪያ ላይ ፎቶውን ለመምሰል ብዬ ብዙ ገንዘብ አውጥቻለሁ። ደጋግሜ ስሠራው የገባኝ ግን ትሪውን የሚያጣፍጠው የዕቃው ብዛት ሳይሆን ጥንዱ መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ጨዋማ ነገር አጠገቡ የሚስማማው ጣፋጭ ሊኖረው ይገባል፤ ማርና ቋንጣ፣ ቴምርና ቺዝ፣ ዘይቱን (ጓቫ) እና አይብ። ለዚህ ደግሞ ከውጭ ከሚመጣው ይልቅ እኛው ቤት ያለው ብዙ ጊዜ ያሸንፋል። ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ የቱ ጋ እንደሚያሸንፍና የቱ ጋ እንደማይሆን አንድ በአንድ እናያለን።

መጀመሪያ፦ ማን ነው የሚመጣው?

ሻርኩትሪ የፈረንሳይኛ ቃል ነው። «ሥጋ» እና «የበሰለ» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተሠራ ሲሆን፣ ሙያውም በዋናነት የአሳማ ሥጋን በጨው፣ በጭስና በማድረቅ አዘጋጅቶ መሸጥ ነበር። ስለዚህ ፎቶዎቹ ላይ የምታዩት ያ ስስ ቀይ ሥጋ አብዛኛውን ጊዜ አሳማ ነው። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም አሳማ በማይበላበት አገር ይህን እንዳለ መቅዳት አይቻልም።

ጉዳዩ በአሳማ ብቻ አያልቅም። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፤ ሙስሊም ያረደውንም ብዙ ክርስቲያን አይበላም። የመሥሪያ ቤት ጓደኞች፣ ጎረቤቶች፣ የልጅ ትምህርት ቤት ወላጆች ሲመጡ ደግሞ ሁለቱም አብረው ነው የሚመጡት። እዚህ ላይ ሁለት አማራጭ አላችሁ። አንደኛው ሥጋውን በሁለት ትንንሽ ሳህን ለይቶ፣ የየትኛው መሆኑን ተናግሮ ማቅረብ ነው። ሁለተኛው ሥጋውን ጨርሶ ትቶ በቺዝ፣ በአይብ፣ በተቀቀለ እንቁላልና በፍራፍሬ መሥራት። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሁለቱ ሥጋ ጎን ለጎን ከተቀመጠ ሹካው ይቀላቀላል፤ አንድ ሰው ሳያውቅ ካነሳ በኋላ ደግሞ ይቅርታ ብቻውን ነገሩን አይመልሰውም። እንቁላሉ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ አናቱ ላይ ሚጥሚጣና ጨው ተነስንሶበት ሲቀርብ የሥጋውን ቦታ ጥሩ አድርጎ ይሞላል፤ ማንም የጎደለ ነገር አይታየውም።

ከዚያ ቀኑን እዩ። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ፣ ወይም ሁዳዴ ከገባ፣ ነገሩ ሌላ ነው። የጾሙን ትሪ ከታች ለብቻው አነሳዋለሁ፤ ከፍስኩ ላይ ሥጋና ቺዝ በመቀነስ ብቻ ጥሩ ነገር አይወጣምና።

ቋንጣ ወይስ ሳላሚ?

ቋንጣ። ብዙ አላስብበትም።

ነገሩን ካያችሁት ቋንጣ ያው የእኛ ሻርኩትሪ ነው። ስብ የሌለው ቀይ ሥጋ በቀጭኑ ይዘለዘላል፣ ጨውና በርበሬ ወይም ሚጥሚጣ ይታሻል፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ጣልያኖችም በሰሜን በኩል ቫልቴሊና በሚባለው ሸለቆ ብሬሳኦላ የሚሉትን የሚሠሩት ከበሬ ቀይ ሥጋ ነው፤ ጨው ያሹትና ያደርቁታል። ቱርኮችና አርመኖች ደግሞ ባስቱርማ አላቸው፤ ላዩ ላይ የሚቀባው ድልህ አብሽና ነጭ ሽንኩርት ስላለበት ሽታው ለእኛ አፍንጫ እንግዳ አይሆንም። አሜሪካ ወይም ዱባይ ያላችሁ ቋንጣ ማድረቂያ ቦታ ካጣችሁ፣ የአረብ ወይም የአርመን ሱቅ ገብታችሁ ባስቱርማ ጠይቁ፤ በጣም ስስ አድርገው እንዲቆርጡላችሁ ንገሯቸው። በወፍራሙ ከተቆረጠ እንደ ጫማ ነው።

ቋንጣው ግን የፍርፍር ቋንጣ መሆን የለበትም። ለፍርፍር የሚደርቀው ወጥ ውስጥ ገብቶ ስለሚርስ ደንደን ቢል ችግር የለውም፤ ለትሪ ግን ሰው በጥርሱ ነው የሚታገለው። ስለዚህ ስትዘለዝሉት ከወትሮው ቀጠን አድርጉት። ሲደርቅ የጣት ርዝመት እያደረጋችሁ ሰብሩትና በትንሽ ንጥር ቅቤ ወይም ዘይት ለአጭር ጊዜ መጥበሻ ላይ አገላብጡት፤ ውጪው ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ለስለስ ይላል። ስቡን ስትዘለዝሉ በደንብ ማውጣት አለባችሁ፤ ስብ የቀረበት ቋንጣ ሳይቆይ ይሸታል። ጊዜውም ይለያያል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ነፋስ አዲስ አበባ ላይ ቆንጆ ሆኖ ይደርቃል፤ ሐምሌና ነሐሴ ግን እርጥበቱ ያሻግተዋል። በክረምት ካላችሁ የምታምኑት ሰው ካደረቀው ግዙ።

አሁን ሚጥሚጣ የታሸውን ትኩስ ቋንጣ ማር ነክታችሁ ቅመሱት። መጀመሪያ ማሩ፣ ቀጥሎ ጨዉ፣ መጨረሻ ላይ ሚጥሚጣው ይመጣል። ከዚህ የተሻለ ጥንድ እስካሁን አላገኘሁም። አማቴ እንኳን፣ እንዲህ ያለ የተደባለቀ ነገር ብዙም የማይወዱት ሴትዮ፣ መጀመሪያ «ሥጋ በማር?» ብለው ተገርመው ከዚያ ሳህኑን ወደራሳቸው ሳብ አድርገው አስቀመጡት።

ሳላሚ የሚያሸንፍበት አንድ ነገር አለ፤ ልስላሴው። ቋንጣ ብቻውን ሲሆን ትሪው ይደርቃል። ግን ለልስላሴው ከሳላሚ ይልቅ የበሬ ሙርታዴላ እመርጣለሁ፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ ልጆችም ይወዱታል። ሻጩ በማሽኑ ወረቀት መስሎ እስኪታይ ያሳሳላችሁ፤ ቤት አምጥታችሁ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ አጥፋችሁ እንደ አበባ ታቆሙታላችሁ። ቆርጦ የታሸገው ወፍራም ሙርታዴላ አይታጠፍም፤ ጣዕሙም ያው የልጅ ሳንድዊች ነው።

ሳላሚም ሆነ ሙርታዴላ ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ። አንድ ጊዜ ፊቱ ላይ የበሬ ምስል ያለበት ሳላሚ ገዝቼ፣ ቤት ገብቼ ስገለብጠው ከታች በደቃቁ የአሳማ ስብ እንዳለበት ተጽፎ አገኘሁ። እንግዶቹ ሊገቡ አንድ ሰዓት ነበር የቀራቸው። መለስኩት፤ ግን ባላነበውስ ኖሮ ብዬ እስካሁን ይቆረቁረኛል። የሳላሚ ዋናው የትውልድ ሥጋው አሳማ ስለሆነ «ሳላሚ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ አሳማ ነው ብላችሁ ተነሱ። ሻጩ «የበሬ ነው» ቢላችሁም ማሸጊያውን ጠይቁ።

እርጉዝ እንግዳ ካለች ደግሞ ያልበሰለ የደረቀ ሥጋ አትስጧት፤ ሳላሚም ጥሬ ቋንጣም ለእሷ አይሆንም። ለእሷ ቋንጣውን በደንብ ጥበሱት።

አይብ ወይስ ቺዝ?

እንደ ሥጋው በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም። በከተማ አማርኛ አይብና ቺዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ትሪው ላይም ሁለት የተለያየ ሥራ ነው የሚሠሩት።

አይብ የሚወጣው ቅቤው ከተናጠ በኋላ ከሚቀረው አሬራ ነው። አሬራው ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ይረጋል፣ አጓቱ ይለያል። ቅቤው አስቀድሞ ስለወጣ ስቡ ትንሽ ነው፤ ጨውም የለውም። ለዚህ ነው ብቻውን ሲቀመስ ዝም የሚለው። ያ ዝምታው ግን ትሪ ላይ ጥቅም አለው፤ ከማርም ከሚጥሚጣም ከቃሪያም ጋር ይሄዳል። ጥሩው አይብ ደግሞ ወተቱ የተቀመጠበት ዕቃ በወይራ ስለሚታጠን ትንሽ የጭስ መዓዛ አለው። ውጭ አገር ሰዎች የተጨሰ ቺዝ ብለው ብዙ ገንዘብ የሚከፍሉበትን መዓዛ የገጠር አይብ እንዲሁ ይዞት ይመጣል።

ድክመቱ ውሃው ነው። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ ከገበያ እንደመጣ ጣውላው ላይ ቆለልኩት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አጓቱ ወርዶ ዳቦ ቆሎውን ሁሉ አረጠበው፤ የሚንኮሻኮሸው ነገር ሊጥ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከቀደመው ማታ ጀምሮ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ውስጥ ቋጥሬ ወንፊት ላይ አድርጌ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ላይ በእጅ የሚድቦለቦል ሆኖ ይነሳል። ግማሹን በጨው፣ በሚጥሚጣና በትንሽ ኮረሪማ አሹት፤ ግማሹን ባዶውን ተዉትና ሊቀርብ ሲል ማር አንጠባጥቡበት። ሁለቱም ጣውላው ላይ ሳይሆን በየራሳቸው ትንሽ ሸክላ ወይም ስኒ ውስጥ ይቀመጡ። አይብ ሁለት ሦስት ቀን ካለፈው ይቆመጥጣል፤ ከዋዜማው ቀድማችሁ አትግዙት።

ቺዝ ስትሉ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ፕሮቮሎኒ፣ ጎዳ እና ሞዛሬላ ነው። ሞዛሬላውን ለፒዛ ተዉት። ቀዝቃዛው ሞዛሬላ ጨዉም ጣዕሙም ትንሽ ነው፤ በዚያ ላይ ልስላሴውን አይቡ ስለሚሞላው ሁለቱን መደረብ ነው። አንድ አንድ ተለያይቶ በላስቲክ የታሸገው ቀጭን ቺዝም ለሳንድዊች እንጂ ለዚህ አይሆንም። ውድድሩ በፕሮቮሎኒና በጎዳ መካከል ነው። ፕሮቮሎኒ ጨዋማና ቆንጠጥ የሚያደርግ ስለሆነ ከቴምርና ከብርቱካን ማርማላታ ጋር ይጋባል። ጎዳ ደግሞ ራሱ ትንሽ ጣፋጭነት ስላለው ከለውዝ (አልሞንድ) እና ከፖም ጋር የተሻለ ነው። አንዱን ብቻ መግዛት ካለባችሁ ፕሮቮሎኒ ግዙ፤ ጣፋጩ ብዙ በሆነበት ትሪ ላይ የጨው ቦታውን የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ አንድ ጠንካራ ቺዝና አንድ አይብ ነው። ሦስት አራት ዓይነት ቺዝ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው፤ ሰው ከሁለት በላይ ለይቶ አያስታውስም።

ቺዙን ከፍሪጅ በቀጥታ አታቅርቡት። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ አውጡት፤ ቅዝቃዜው ጣዕሙን ይይዘዋል። ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ግን ቁረጡት፤ ያኔ አይፈራርስም። ውጭ አገር ሆናችሁ አይብ ላጣችሁ፣ አሬራ መሰል የረጋ ወተት ሱቅ ውስጥ ይሸጣልና እሱን ቤት ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ አሙቁት፤ ያ ካልሆነ በደንብ የተንጠፈጠፈ ሪኮታ ይቀርባል። ፌታ ግን የአይብ ምትክ አይደለም፤ ጨው ነው።

ማር፣ ማርማላታ፣ ቴምር

እዚህ ላይ ሳትሰስቱ ገንዘብ አውጡ። ከሁሉም ነገር ቆጥባችሁ ለማሩ ብትጨምሩ አትጸጸቱም። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚ ከሚባሉት አገሮች አንዷ ናት፤ እያንዳንዱ አካባቢ ደግሞ የየራሱ አበባ አለው። የትግራይ ነጭ ማር ይረጋል፣ እንደ ቅቤ ይቀባል፣ ጣፋጭነቱም ጎልቶ አያጠቃም። ይህ ለአይብ የተፈጠረ ነው። ጠቆር ያለው የደን ማር፣ ለምሳሌ ከባሌ ሐረና ወይም ከከፋ በኩል የሚመጣው፣ ጠንከር ስለሚል ከቋንጣና ከፕሮቮሎኒ ጋር እኩል ለእኩል ይቆማል። ሁለቱን በትንሽ በትንሹ ብታቀርቡ እንግዳው ራሱ እያነጻጸረ ይጫወታል።

የረጋ ማር ሲያዩ «ስኳር ገብቶበታል» የሚሉ ሰዎች አሉ። መርጋቱ ብቻውን ምልክት አይሆንም፤ እውነተኛ ማርም ይረጋል፣ ነጩ ማር ደግሞ ባሕርዩ ነው። እንዲቀጥን ከፈለጋችሁ ብርጭቆውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቁሙት እንጂ አታፍሉት። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር እንደማይሰጥ ግን አትርሱ፤ ትሪው ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ይህን ለእናቶቹ ንገሯቸው።

ማርማላታ ከማር ያነሰ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ይበልጠዋል። የብርቱካን ማርማላታ ምረቱ ከፕሮቮሎኒ ጋር ሲገናኝ ማር የማይሰጠውን ነገር ይሰጣል። የእንጆሪው ማርማላታ ለልጆች ካልሆነ ይቅር፤ ስኳሩ ሁሉን ይሸፍነዋል።

ቴምር ከዘቢብ ይበልጣል። ፍሬውን አውጥታችሁ በቦታው ቁራጭ ፕሮቮሎኒ ወይም ሚጥሚጣ ያለው አይብ ክተቱበት፤ አንድ በአንድ እየተነሳ ያልቃል። ዘቢብ ይበታተናል፣ ሰው በጣቱ ሲለቅመው ደስ አይልም። የሰሊጥ ሀላዋ ካገኛችሁ ትንሽ ቁራጭ ጨምሩ። ቸኮሌት መጨመር የሚወዱ አሉ፤ ጥቁሩ ከሆነ አልቃወምም።

ፍራፍሬ

ወይን ሁሉም ፎቶ ላይ አለ፤ ምክንያት አለው። ውሃው በቆዳው ውስጥ ስለተያዘ ምንም አያረጥብም። ግን ውድ ነው። እኔ ብዙ ጊዜ በእሱ ፋንታ ዘይቱን አደርጋለሁ። የበሰለ ዘይቱን በቀጭኑ ተቆርጦ ከአይብ ጋር ሲበላ ግሩም ነው፤ ብራዚሎችም የዘይቱን ማርማላታን ከነጭ ቺዝ ጋር መብላት የታወቀ ልማዳቸው ነው። ፍሬው የማይመቸው ካለ መሀሉን አውጡት። መንደሪን ተልጦ በየዘለላው ተለያይቶ ሲቀመጥ ንጹሕ ነው። እንጆሪ ሲገኝ ታጥቦ በደንብ ደርቆ ሙሉውን ይቀመጥ። በክረምት ኮክና ፕሪም አለ፤ ኮክ ከቋንጣ ጋር ሞክሩት።

የጨንቻ ፖም ሲመጣ ግዙ፤ ኮምጠጥ ስለሚል ከውጭ ከሚመጣው ጣፋጭ ፖም ይልቅ ከጎዳ ጋር ይስማማል። ከተቆረጠ ይጠቁራልና ሎሚ ውሃ ውስጥ ነከር አድርጋችሁ አድርቁት። ፓፓያ፣ ማንጎና አናናስ ለትሪው አይሆኑም፤ ይፈስሳሉ። ከወደዳችኋቸው በብርጭቆ ለብቻ አቅርቡ። ሙዝም ይቅር።

ዳቦ፣ ቆሎና የሚነከረው

የታሸገ ክራከር ወይስ የተጠበሰ ፉርኖ? ፉርኖ። የአንድ ቀን ፉርኖ በቀጭኑ ቆርጣችሁ፣ ዘይት ቀባ አድርጋችሁ መጥበሻ ላይ ብታደርቁት ከክራከሩ ይበልጣል፤ ዋጋውም አይገናኝም። ድፎ ዳቦ በጣም እወዳለሁ፤ ጥቁር አዝሙዱ ብቻ ይበቃል፤ ግን ለዚህ ሥራ ስለሚፈረፈር ምንም አይሸከምም። ህምባሻ ይሻላል። የእንጀራ ድርቆሽ ደግሞ የተረሳ ጀግና ነው። ትላልቅ ቁራጭ አድርጋችሁ ምጣድ ወይም ኦቨን ውስጥ ካደረቃችሁት፣ ያ ኮምጣጣነቱ ከማርና ከአይብ ጋር ሲሆን ክራከር አይደርስበትም።

ዳቦ ቆሎ፣ የገብስ ቆሎ፣ ኦቾሎኒ ክፍተቱን ይሞላሉ። ለውዝና ካሾ ውድ ናቸው፤ ኦቾሎኒ በትንሽ ማርና ሚጥሚጣ መጥበሻ ላይ ከዞረ እነሱን አያስናፍቅም። የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው ካለ ከትሪው ጨርሶ አውጡት፤ ጥግ ላይ ማስቀመጥ አይበቃም።

ፈረንሳዮች ከሥጋው ጎን ሰናፍጭ ያስቀምጣሉ። እኛ ደግሞ የራሳችን ሰናፍጭ አለን፤ ያውም አፍንጫ የሚከፍት። ከሱፐርማርኬቱ ቢጫ ብልቃጥ ይልቅ የቤቱን አቅርቡ፤ ከሙርታዴላ ጋር ተወዳዳሪ የለውም። ዳጣም ደስ ይላል። ከአዋዜ ግን ለትሪ ዳጣውን እመርጣለሁ፤ አዋዜ ሁሉንም ነገር ጥብስ ጥብስ ያሰኘዋል።

የጾሙ ትሪ

ሰዎች የጾም ትሪ ሲሉ አትክልትና ፍራፍሬ ቆራርጠው ያስቀምጣሉ። ይህ ያሳዝነኛል፤ የጾም ምግባችን ከዚህ በጣም የበለጸገ ነው። የቺዙን ቦታ ቡጥቻና ስልጆ ይያዙት። ቡጥቻው ለስላሳና ሎሚ ሎሚ የሚል፣ ስልጆው ደግሞ የቦካና ሰናፍጭ ያለበት ነው፤ ልክ እንደ አንድ ቀላልና አንድ ኃይለኛ ቺዝ። የሥጋውን ቦታ የተጠበሰ ሽምብራና ቃሪያ ስንግ ይይዛል። ከውጭ የሚጨመር ካለ የወይራ ፍሬ ነው፤ ጨዉን ይሰጣል። ጣፋጩ ቴምር፣ የሰሊጥ ሀላዋና ፍራፍሬው። ዳቦ ቆሎና ህምባሻ ስትገዙ ቅቤ ገብቶበት እንደሆነ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ይገባበታል።

ከእንግዶቹ ግማሹ ጾመኛ ከሆነ ሁለት ትሪ ሥሩ፤ ቢላውም ይለይ። አንዱን ትሪ መሀሉን ከፍሎ ግማሽ ጾም ግማሽ ፍስክ ማድረግ አይሠራም፤ አንድ ፍርፋሪ አይብ ቡጥቻው ላይ ከወደቀ በቃ።

ጣውላ ወይስ ሰፌድ?

ጣውላ ካሠራችሁ ዋንዛ ይሁን። ጥድ ሽታው ምግቡ ውስጥ ይገባል። ቫርኒሽ አታስቀቡት። ጣውላ ከሌላችሁ ግን አትግዙ፤ ሰፌድ አውርዱና ኮባ አንጥፉበት። ኮባውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ እሳት ላይ ለአፍታ አሳልፉት፤ ይለሰልሳል፣ አይቀደድም። ያለ ኮባ ከሆነ የሰፌዱ ቀለም እርጥበት ሲነካው ሊለቅ ይችላል። አረንጓዴው ላይ ነጩ አይብና ቀዩ ቋንጣ ሲያርፍ ማየት ብቻውን ደስ ይላል።

ማዘዝ ወይስ መሥራት፣ ስንትስ ይበቃል?

አሁን ተዘጋጅቶ ቤት ድረስ የሚመጣ ትሪ የሚሸጡ አሉ። አንድ ጊዜ ለእህቴ ልደት አዝዤ ሰላጣ ቅጠሉና ዳቦው የሞላ፣ ቺዙ ግን በጣት የሚቆጠር ሆኖ መጣ። ማዘዝ ካለባችሁ ፎቶውን ሳይሆን ግራሙን ጠይቁ፤ ቺዙ ስንት ግራም ነው፣ ሥጋው ስንት ነው በሏቸው። መልስ ካልሰጧችሁ ቤት ሥሩት፤ ዕቃው ካለ ከአንድ ሰዓት አያልፍም።

መክሰስ ከሆነ ለአንድ ሰው 60 ግራም ገደማ ቺዝና ያንኑ ያህል ለስላሳ ሥጋ ይያዝ። ለስምንት ሰው ግማሽ ኪሎ ቺዝና አይብ አንድ ላይ፣ 300 ግራም ሙርታዴላ፣ ከ150 እስከ 200 ግራም ቋንጣ ይበቃል። ቋንጣው የሚያንሰው ስለደረቀ ነው፤ አንድ ኪሎ ሥጋ ሲደርቅ ከግማሽ በታች ይሆናል። እራት የሚተካ ከሆነ ሁሉንም እጥፍ አድርጉት።

ስትደረድሩ መጀመሪያ ስኒዎቹን አስቀምጡ፤ አይቡ፣ ማሩ፣ ሰናፍጩ። ከዚያ ቺዙን፣ ቀጥሎ ሥጋውን፣ ከዚያ ዳቦና ድርቆሹን። ፍራፍሬው ከጥንዱ አጠገብ ይግባ፤ ዘይቱን አይቡ ጋ፣ ቴምሩ ፕሮቮሎኒው ጋ። ቆሎና ኦቾሎኒ መጨረሻ ላይ ቀዳዳውን ይሙሉ። የሚንኮሻኮሸው ነገር ሁሉ እንግዳ በር ሲያንኳኳ ነው የሚወጣው።

ሥጋና ቺዝ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። አዲስ አበባ ቀዝቀዝ ስለሚል ሰው ይዘናጋል፤ ድሬዳዋ ወይም አዳማ ሙቀቱ ከበረታ ግን አንድ ሰዓት ነው ልኩ። ሁሉንም በአንዴ ከማውጣት ግማሹን ፍሪጅ አስቀምጣችሁ እየሞላችሁ ብታቀርቡ ይሻላል። የሚጠጣው ብርዝ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ቡናው ግን መጨረሻ ላይ ይምጣ።

የተረፈ ቋንጣ ለእሁድ ጠዋት ፍርፍር ይሆናል፤ የተረፈውን ድርቆሽም አብራችሁ ጨምሩት። ሚጥሚጣ ያለው አይብ ከጎመን ጋር ያልቃል። ውጭ የቆየውን ሙርታዴላ ግን አታስቀምጡት።